ውሃ የሚጠጣ ዘይት

ከነቀምት መስመር የተመለሰ የሚኒባስ ሹፌር አምቦ ጋራዥ ገብቶ «ጌዶን አልፌ ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ ከእግሬ ሥር ጠፋ» ቢል፣ መካኒኩ የሚያየው ነገር ሁሉ ሹፌሩን ውሸታም ሊያስመስለው ይችላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ ነው። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሙሉ ነው። የሚያፈስ ቱቦ የለም፤ ታምቡሩ ሲወልቅም ሸራው ገና ብዙ ያስኬዳል። ጀማሪ ከሆነ «ምንም የለውም» ብሎ ይሸኘዋል። በሥራው የበሰለው ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ዘይቱን የቀየርከው መቼ ነው?»

«እኔ ሲጎድል እጨምራለሁ።»

ጥፋቱ እዚህ መልስ ውስጥ ነው። ስሙ ዘይት ይባል እንጂ የፍሬን ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ዓይነቶች መሠረታቸው ግላይኮል ኢተር ነው፤ ይህ ፈሳሽ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል፣ በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ ሳይቀር፣ ውሃ ቀስ እያለ ይገባል። ምዕራብ ሸዋን የመሰለ ክረምቱ የበረታ አገር ደግሞ እርጥበት አይቸግረውም። የገባው ውሃ ወደ ታች ዘቅጦ ቢታይ ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ነገር ግን ከዘይቱ ጋር ስለሚዋሃድ ዓይን አይለየውም። ሲጎድል የሚጨመረው አዲስ ዘይትም ከላይ መልኩን ከማሳመር በቀር እጎማው ሥር ያለውን አሮጌ አይነካውም።

የውሃው መዘዝ በቁጥር የሚነገር ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም። ከመጠኑ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪን መቋቋም ብቻ ነው። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። እነዚህ ልኬቶች በባሕር ጠለል የአየር ግፊት የተሰሉ ናቸው። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አምቦ ንጹህ ውሃ እንኳ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ከደረጃው ጥቂት ዲግሪዎችን ይቀንሳል።

መንገዱስ? ጌዶ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ባኮ 1,650 ገደማ ላይ። በመካከል ያለውን ዳገት ሳንቆጥር፣ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ የሚወርድ ሹፌር የዚህን ጉልበት ትልቁን ድርሻ ለሞተሩ ያሸክመዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚንደረደረው ግን ሁሉንም ታምቡርና ዲስክ ላይ ይጥለዋል። ከወንጪ ሐይቅ አፋፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ወደ አምቦ የሚወርደው መኪናም ሒሳቡ ያው ነው።

ሙቀቱ ከሸራው ወደ ሲሊንደሩ፣ ከሲሊንደሩ ወደ ዘይቱ ያልፋል። ያን ጊዜ ዘይቱ ውስጥ የተደበቀው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ አይታመቅም፤ እንፋሎት ይታመቃል። ስለዚህ የእግር ኃይል ሸራው ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንፋሎቱን በማመቅ ያልቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ሹፌሩ ጋራዥ በደረሰ ጊዜ ማስረጃው ጠፍቶ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ፍሬኑን የሚለካው ጥቂት ሰከንድ ረግጦ ነው፤ የቁልቁለቱን ሙቀት አያየውም።

የሙያው የመጀመሪያ ክፍል ታዲያ በእግር ማዳመጥ ነው። አንድ ጊዜ ሲረገጥ ረጅም የሆነ፣ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ከፍ ብሎ የሚጠነክር ፔዳል፣ ብዙውን ጊዜ ሸራው ከታምቡሩ መራቁን ይናገራል፤ ማስተካከል ይበቃዋል። እንደ ስፖንጅ የሚለመጥ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። በእኩል ኃይል ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጠው ሌላ ነው፤ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ወይ ፔዳሉ የሚገፋው ዋናው ሲሊንደር፣ የማስተሩ፣ የጎማ ማሸጊያ (ጎሚኒ) አልቋል። እዚህ ላይ የቱንም ያህል አየር ቢያስወጡ ድካም ነው። ሳይለዩ ቁልፍ ማንሳት የብዙ ወጣት መካኒኮች አመል ነው፤ ደንበኛውም ቢሆን ቁልፍ የያዘ እጅ ሲያይ ነው ሥራ የተጀመረ የሚመስለው።

ዘይት ቅየራው ራሱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ጎማው ሥር ይተኛል። «ርገጥ!» «ያዝ!» ከዚያ የማስወጫ ቡሎኑ ሩብ ዙር ይላላል፤ አሮጌው ዘይት ውስጡን በሚያሳይ ቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ጠርሙስ ይወርዳል፤ ቡሎኑ ይጠብቃል፤ «ልቀቅ!» ትእዛዙ አምቦ ላይ በኦሮምኛ «ቀቢ»፣ «ገዲሲ» ተብሎም ይሰማል። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ቅደም ተከተሉ አይዛባም። ቡሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሳ መስመሩ የወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ለዚህ ነው ፔዳል ረጋጩ ልጅ እንደ ተራ ረዳት የማይታየው። መኪናው ሥር የተኛው ሰው ጥበቡ ሁሉ በዚያ ልጅ እግር ላይ የቆመ ነው።

በቆዩ መኪኖች የተለመደው ቅደም ተከተል ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ መጀመር ነው። መሪው በግራ በሆነው አገራችን ይህ የኋላ ቀኝ ይሆናል፤ ከዚያ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። እንደ ጭነቱ ክብደት የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ ያለባቸው መኪኖችም አሉ፤ የራሱ ማስወጫ ካለው ከእሱም አየሩ መውጣት አለበት። አሮጌ ማስተርን እስከ ወለል መርገጥ ደግሞ አደጋ አለው። ጎሚኒው ለዓመታት ደርሶበት ወደማያውቀው የዛገ የሲሊንደር ክፍል ይሄድና ይቧጨራል። ጠንቃቃው መካኒክ ፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ያስቀምጣል። ዘይቱን የሚያፈሰውም ጠርሙሱን ሳይንጥ፣ ቀስ ብሎ ነው፤ የተናጠ አምቦ ውሃ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለዚህ ከተማ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማጠራቀሚያው በሥራው መካከል ባዶ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ላይ ይህ ቶሎ ይደርሳል፤ የሚይዙት ዘይት ትንሽ ነው።

የሃይድሮሊክ ፍሬን ታሪክ ወደ ጓሯችን የሚያመጣ አንድ መንገድ አለው። አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር፤ በ1921 የዱዘንበርግ ሞዴል ኤ አራቱንም ጎማ በፈሳሽ የሚያቆም መኪና ሆኖ ወጣ። በቀደመው ዘመን የፍሬን ፈሳሽ ይሠራ የነበረው የጉሎ ዘይት ከአልኮል ጋር ተደባልቆ ነው፤ ጉሎ የተፈጥሮ ጎማን አይጎዳምና። ይህ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሟሹበት፣ ኦሮምኛው ቆቦ የሚለው ጉሎ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ብዙዎቹም መነሻውን በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያደርጉታል።

ጎማን አለመጉዳት ዛሬም የዘይቱ ዋና ግዴታ ነው። «ለጊዜው ያድርሰኝ» ብሎ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ የሚጨምር ሹፌር ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል። ያበጠ ጎሚኒ ፍሬኑን አንቆ ይይዛል ወይም ጨርሶ ያፈስሳል። ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየር ብቻውን አያድነውም፤ ማስተሩ፣ ሲሊንደሩ፣ ቱቦው ሁሉ መታየት ይኖርበታል። የሲሊኮን የሆነው ዶት 5ም ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም፤ ቁጥሩ ለ5.1 ስለሚቀርብ ክዳኑን ማንበብ ግድ ነው።

የወጣውን አሮጌ ዘይት አጥልሎ መልሶ መጠቀም ደግሞ ጨርቅ ቆሻሻውን እንጂ ውሃውን እንደማይለይ መርሳት ነው። በከፊል ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስም ያው ነው። በባዶ ሃይላንድ ማስቀመጥ ከሁሉ ይከፋል። ፈሳሹ መርዝ ነው፤ መልኩ ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ውሃ የጠማው ልጅ አይጠፋም። ቀለም ላይ የፈሰሰ እንደሆነ ወዲያው በብዙ ውሃ ካልታጠበ ይልጠዋል።

ታዲያ መቼ ይቀየር? መልኩ ቡና የመሰለ ዘይት ያረጀ ነው፤ ፈዛዛ የሆነ ሁሉ ግን ጤነኛ አይደለም። እርጥበቱን በመብራት የሚያሳዩ ትንንሽ መለኪያዎች አሉ፤ ዘይቱን አፍልተው የሚለኩ መሣሪያዎች ደግሞ ይበልጥ ይታመናሉ። ሁለቱም በሌሉበት ብዙ አምራቾች የሚመክሩት ሁለት ዓመት ጥሩ ልክ ነው። የተቀየረበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፎ ማጠራቀሚያው ላይ መለጠፍ ምንም አያስወጣም፤ ቀጣዩን መካኒክ ግን ከግምት ያድናል።

ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለችበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በምዕራቡ መንገድም መታየት ጀምረዋል። እነዚህ መኪኖች ሲወርዱ ሞተራቸው ራሱ ጉልበቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ ፍጥነታቸውን ይቀንሳል፤ ሸራቸውም ረጅም ጊዜ ይቆያል። ማስተራቸው ውስጥ ያለው ግን ያው ውሃ የሚጠጣ ዘይት ነው። ሸራ ለመቀየር ጎማው በማይፈታበት መኪና ላይ ደግሞ ዘይቱን የሚያስታውስ አጋጣሚ ይጠፋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከጌዶ ቁልቁለት ሲጀምር ሞተሩ መልሶ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማያገኝ፣ ሥራው ሁሉ ተመልሶ በዚያ ዘይት ላይ ይወድቃል።