ከሙግት በፊት እርቅ

በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አካባቢ፣ ድንበር የተጋፉ ጎረቤታሞች ችሎት ከመድረሳቸው በፊት ሽማግሌ ፊት መቀመጣቸው የሕግ ጥበብ እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም። ማስረጃው ከሩቅም ይገኛል፤ አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1842 የኢሊኖይ ግዛት ሕግ አውጪ፣ ለረጅም ዓመታትም ጠበቃ ነበር። ሆኖም የሙያ ባልደረቦቹ ሙግት ከማራገብ ይልቅ ጎረቤታሞችን እንዲያግባቡ በማስታወሻው መክሯል፤ ሙግት የረታውንም ሰው በወጪና በጊዜ ያከስራልና። ማሳቸው የሚዋሰን ገበሬዎች ደግሞ በፍርዱ ማግስት በአንድ ምንጭ፣ በአንድ ደቦ መገናኘታቸው አይቀርም። ዳኛ ረቺና ተረቺን ለይቶ ያሰናብታል፤ ሽማግሌ ግን ካሣ አስክሶ፣ እርቅ አውርዶ ሁለቱንም ወደ መንደራቸው ይመልሳል።

ሽምግልና ደካማውን በይሉኝታ ያስራል፣ ሴቶችንም ከሸንጎው አርቆ ኖሯል የሚል ወቀሳ ይነሳል። ወቀሳው እውነት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ፈቃደኝነትን መጠበቅ እንጂ ልማዱን መጣል አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህላዊ ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ሲደነግግ መንገዱን አሳይቷል። የችሎቱ በር ክፍት ሆኖ ሳለ ወደው የተቀበሉት እርቅ ከፍርድ ወረቀት በላይ ይጸናል።