ጣት ሲነካው የሚናገር መዝገበ ቃላት፣ ለማን?

የመጽሐፍ ሂስ ለምደናል፤ የማንበቢያ ዕቃ ሂስ ግን ብዙም አልለመድንም። ይሁንና ዕቃው ራሱ በአንባቢና በመጽሐፍ መካከል ገብቶ ቃል መፍታት ከጀመረ፣ እንደ ማንኛውም አስተርጓሚ ሊመረመር ይገባዋል። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ የሚባለው ሰሌዳ ዛሬ መጻሕፍት መሸከም ብቻ አይደለም ሥራው። የከበደንን ቃል በጣት ጫን ስንለው ፍቺውን እዚያው ገጹ ላይ ያወጣልናል። ሻጩም ከሚመካባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ለመሆኑ ፍቺው የሚነገረው ለማን ነው?

የሚገባውን ምስጋና አንንፈገው። የሰሌዳው ገጽ እንደ ስልክ መስተዋት ዓይን አይወጋም፤ የፀሐይ ብርሃን ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል፤ አንዴ ኃይል ከሞላ ለሳምንታት ይቆያል። መዝገበ ቃላቱም አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አገር ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ዋጋውም ወርዷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 የመጀመሪያው ኪንድል ሲወጣ 399 ዶላር ነበር፤ በ2022 የወጣው ተራው ኪንድል ግን 100 ዶላር ገደማ ተሸጧል። ያም ቢሆን በደመወዝ ለሚኖር የአዲስ አበባ አንባቢ 100 ዶላር የዋዛ ገንዘብ አይደለምና መምረጥ የግድ ነው።

ስንመርጥ ማስታወቂያውን ትተን ፊደላችንን እናስቀድም። የ2019ኙ ተራ ኪንድል በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ የ2022ቱ 300 አለው። ለላቲን ፊደል የመጀመሪያውም ይበቃ ይሆናል። «ቡ»ን ከ«ቢ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ግን ትንሽ ቅጥያ ነውና ለእኛ ዓይን የነጥቡ ብዛት ቅንጦት አይደለም። ቀጥሎ የሚታየው የራሳችንን የፊደል ቅርፅ እንድንጭን ይፈቅዳል ወይ የሚለው ነው። ሰሌዳው በተዘጋ ቁጥር ማስታወቂያ የሚያሳየው ዓይነት 20 ዶላር ያህል ይረክሳል፤ ኪስ ለጠበበው ይህ ነውር የለውም፤ ማስታወቂያው የሚነበበውን ገጽ አይነካምና።

አሁን ወደ መዝገበ ቃላቱ እንመለስ። ኪንድል ይዞት የሚመጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ስመ ጥሩው የኦክስፎርድ ሥራ ነው። ሥራው ድንቅ ነው፤ የተጻፈው ግን እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ሰው ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማረው የእኛ ተማሪ አንዱን ከባድ ቃል ሲነካ ሦስት ከባድ ቃላት ይወጡለታል። እነርሱንም ሲነካ ሌሎች ይመጣሉ። እንግሊዝኛውን በአማርኛ የሚፈታለት መዝገበ ቃላት ከሰሌዳው ጋር አይመጣም፤ በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ሲከፍትማ መዝገበ ቃላቱ ጭራሽ ድዳ ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው።

ጥፋቱ የኩባንያዎቹ ብቻ ነው ብለን እንዳንገላገል ቋንቋችን የራሱ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛ አንባቢ የኃላፊ ጊዜውን ግስ ሲነካ ማሽኑ ዋናውን ግስ የሚያገኘው የቃሉ ቅርጾች ተዘርዝረው ስለተቀመጡለት ነው። የእኛ አንባቢ «ያልነገረቻቸውን» የሚለውን ቢነካ ማሽኑ «ነገረ»ን ለማግኘት ከፊትም ከኋላም መላጥ አለበት። የአንድ ግስ ቅርጾች ቢቆጠሩ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው የቃል ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ሰዋስው የሚያውቅ ፕሮግራም ነው። «ፀሐይ»ን እንኳ ብንወስድ፣ በ«ፀ»ና በ«ጸ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሀ»ና በ«ኀ» እየቀያየርን ቢያንስ 6 ዓይነት አድርገን ልንጽፈው እንችላለን። ደግሞም «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል ነው፤ ጽሕፈታችን ግን አይለየውም። ታዲያ ማሽኑ የትኛውን ይፍታ?

ይህን ሁሉ የሚያቃልል ሀብት ግን በእጃችን አለ። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ደስታ ተክለ ወልድ፣ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። የቶማስ ኬን ባለ ሁለት ቅጽ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ታተመ። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ጎደለ የምንለው እነዚህን ሥራዎች የባለመብቶቹን ፈቃድ አክብሮ፣ ቃል በቃል ተይቦ፣ ማሽን በሚገባው መልክ ማዘጋጀት ነው። ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ብዙዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት የገጽ ፎቶግራፎች ናቸው። ፎቶግራፍ ደግሞ ለማሽኑ ሥዕል እንጂ ቃል አይደለም፤ ቢነኩትም አይናገርም፤ ጽሑፉ ሲተልቅም መስመሩ አይታጠፍም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። እንግሊዝኛ ለማንበብ የሚፈልግ፣ በተለይም መሠረቱን የጨበጠ፣ 300 ነጥብ ያለውን ተራ ኪንድል ይግዛ፤ ያገለገለም ቢሆን አይጎዳም። የነካቸውን ቃላት መዝግቦ ስለሚያቆይለት ለጥናት ይጠቅመዋል። ለአማርኛ የሚያስብ ግን እንደ ኮቦ ያለውን ይመልከት። ኮቦ «ኢፐብ» የተባለውን ክፍት የመጽሐፍ ዓይነት እንዳለ ይቀበላል፤ ኮሪደር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከጫኑበት ደግሞ ሰው በራሱ ያዘጋጀውን መዝገበ ቃላት ያስገባል። በሩ ክፍት የሆነ ቤት ባዶ ቢሆንም ዕቃ ሊገባበት ይችላል። ከመክፈሉ በፊት ግን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በሰሌዳው አስከፍቶ ይይ፤ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ የሻጩን ምላስ አይመን።

የቀረው የገዢ ጉዳይ አይደለም። አሳታሚዎችና የቋንቋ ተቋማት በወረቀት የቀረውን የሊቃውንት ድካም ወደ ሰሌዳው ካላሻገሩት፣ ልጆቻችን ከባድ ቃል በገጠማቸው ቁጥር መልሱን በሌላ ቋንቋ መስማት ይለምዳሉ። ሲለምዱም አማርኛን የሚጠይቁት ቋንቋ መሆኑን ይረሱታል።