ርካሹን መንገድ ማን ከፈለው? (የጉዞ መጻሕፍት ከቆቦ ሲነበቡ)

በመጽሔታችን ሂስ ሲባል ልብ ወለድና ግጥም ብቻ የሚታየን ጥቂት አይደለንም። የጉዞ መጽሐፍ ከተነሣ «እሱማ የአልጋ ዋጋ ዝርዝር ነው፤ ምኑ ይተቻል?» ይባላል። ነገር ግን ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ጥጉ አልቆ የሚነበበው ከግጥም መድበል ይልቅ እሱ ነው። የሻይ ሳንቲም ኪሳችን ውስጥ ሳይኖር አልጋችን ላይ ጋደም ብለን ባሊ ደሴትን በሞተር እንዞራለን። ይህን ያህል የሚነበብ ነገር መተቸት አለበት። ስለዚህ «በትንሽ ገንዘብ ዓለምን ዙር» የሚሉትን መጻሕፍት እንደማንኛውም ድርሰት ቆጥሬ ልመረምራቸው ተነሥቻለሁ። የምመረምርበትም አንድ ጥያቄ ነው፤ ጉዞው ርካሽ ከሆነ ቀሪውን ማን ከፈለው?

በቅድሚያ የሚገባቸውን ምስጋና እንስጥ። የእነዚህ መጻሕፍት ዋነኛ አባት የሚባለው ልክ እንደኛዋ መጽሔት በስቴፕለር የተወለደ ነው። ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1972 ከለንደን ተነሥተው እስያን አቋርጠው አውስትራልያ ገቡ። በዓመቱ «እስያን በርካሽ ማቋረጥ» ልንለው የምንችለውን ቀጭን መጽሐፋቸውን ሲድኒ ውስጥ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ወረቀቱን በእጃቸው ሰብስበው አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በሞተር ሳይክል ዞረው ያሰናዱት የደቡብ ምሥራቅ እስያ መሪ መጽሐፍ ተከተለ። ሎንሊ ፕላኔት የተባለው ትልቅ አሳታሚ ያደገው ከዚህ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የጉዞ መጽሐፍ ባለ ብዙ ሻንጣውንና ባለ አስተርጓሚውን የሚያነጋግር ነበር። እነዚህ ግን ለተማሪውና ለሥራ ፈላጊው በሩን ከፈቱለት። ቋንቋቸውም ከጌጥ የጸዳ ነው፤ አውቶቡሱ ከየት እንደሚነሣ፣ አልጋው ቁንጫ እንዳለውና እንደሌለው እቅጩን ይነግሩሃል። ቁንጫን ደፍሮ የሚጽፍ ደራሲ እኮ አይናቅም።

ታዲያ ይህ የጽሑፍ ዘር ደሴትን ለምን እንዲህ ይወዳል? መልሱ ያለው ከውበቱ ይልቅ በቅርጹ ላይ ይመስለኛል። ደሴትና ትንሽ ሞተር ለአንድ ቀን የተጋቡ ናቸው። ሆንዳ «ሱፐር ከብ» የተባለችውን ሞተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ነዳጅ አትጨርስም፤ ለመንዳትም አታስቸግርም። ደሴት ደግሞ ዳርቻ አለው። የባሕሩን ዳር ይዘህ ከነዳህ ማታ ጠዋት ወደተነሣህበት አልጋ ትመለሳለህ። የመጽሐፉም ቅርጽ እንደዚያው ክብ ነው፤ መጥፋት የለበትም፣ መቅረት የለበትም። እንደ ልብ ወለድ ብንመዝነው ግጭት የሌለው ልብ ወለድ ነው። ገጸ ባሕርያቱም እንደ ታሪኩ ናቸው፤ አልጋ አከራይ፣ ሩዝ ቀቃይ፣ ሞተር አከራይ። ሁሉም ፈገግ ይላሉ። ዋጋ አላቸው እንጂ ስም የላቸውም።

ቅጽሉንም ልብ እንበል። «አልጋው ርካሽ ነው» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ አልጋው ነው፤ ሴትዮዋ የለችበትም። አንሶላውን ያጠበችው፣ ውሃውን በጀሪካን ያመላለሰችው፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ተነሥታ የከፈተችው እሷ ነበረች። ሰዋስው ደበቃት። ርካሽነት የአልጋው ጠባይ እንጂ በተጓዡ ገንዘብና በሴትዮዋ ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት መሆኑ አይታይም። ያው አልጋ ለአገሬው የቀን ሠራተኛ ውድ ሊሆን ይችላል። አንድ ቃል እንዲህ ያለውን ነገር ከሸፈነ ጉዳዩ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

አሁን መጽሐፉን ይዘን ቆቦ እንውረድ። የቆቦ ልጅ ስለሆንኩ አዳልቶ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ይሁን፤ የሎንዶንም ሰው ቢሆን ከአንድ ቦታ ሆኖ ነው የሚያየው። ቆቦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ መካከሉ ሜዳ ነው። መሪ መጽሐፍ የያዘው ተጓዥ ወልድያ ሲደርስ ላሊበላ ስለምትጠብቀው ወደ ግራ ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ የሚያልፈውም ዐይኑ መቀሌና አክሱም ላይ ነው። ቆቦ ላይ ቢወርድ ለሻይ ነው።

እስቲ ሞተር እንስጠው። ከተማዋን ከባጃጆቹ ጋር እየተጋፋ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳታል። ከዚያ ማሽላ ነው፤ ግራም ቀኝም ማሽላ። ማሽላ ደግሞ ለሚፈጥን ሰው አይገለጽም። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች ወደ ሜዳው ይወርዳል። ገበሬው ጎርፉ ሲመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ፣ በቦይ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ካላስገባው ውሃው አልፎት ይሄዳል። ማን ቀድሞ ይጥለፍ፣ ማን ይከተል የሚለው ራሱን የቻለ የጎረቤት ሕግ ነው፤ ጠብም ዕርቅም ያለበት ነው። ይህን ለማወቅ ከሞተር ወርዶ «እንደምን ዋሉ አባቴ» ማለትና ጥላ ሥር መቀመጥ ይጠይቃል። ነሐሴ ላይ የመጣ ደግሞ የሶለል ልጃገረዶችን ያገኝ ነበር፤ ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ ከሚሉት በዓል ጋር እኅትማማች ነው። ሜዳው ግን ደሴት አይደለምና ዳር ይዞ መዞር አይቻልም። ወይ ትቀመጣለህ፣ ወይ ታልፋለህ።

ስለ ፀሐይም አንድ ነገር ልበል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ በእንግሊዝኛ የፈጠሩት መፈክር ትርጉሙ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ነበር። በአማርኛ ግን «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ኖሯል። ፀሐይን ወደ ፀጋ የለወጠው ሰው ብልህ ነው። በራያ ሜዳ ላይ አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ማለት እርግማን ነውና! ለደሴት ተጓዥ ፀሐይ ዕረፍት ናት፤ ሐምሌ ላይ ደመና ለሚጠብቅ ገበሬ ሞት ልትሆን ትችላለች። ዓለም ወደ እኛ ሰፈር የዞረውም ያች ፀሐይ ስትበረታ ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራው ፊልም ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ከአላማጣ በላይ ካለችው ከኮረም ያመጡት ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። ሁለቱም ብዙ ነፍስ አትርፈዋል፤ ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን በሂስ ዐይን ሲታዩ ከደሴቱ መጽሐፍ ጋር የሚጋሩት አንድ ነገር አለ። አንዱ ፈገግታችንን፣ ሌላው ዕንባችንን ወሰደ፤ በሁለቱም ውስጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚናገረው እንግዳው ነው።

ከውጭዎቹ መካከል ለየት የምትለው አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ናት። እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ወርዳ፣ ጓዟን በቅሎ ላይ ጭና፣ በአብዛኛው ደጋ ለደጋ በእግሯ እየተጓዘች አዲስ አበባ ድረስ ዘለቀች። «በኢትዮጵያ ከበቅሎ ጋር» የሚለው መጽሐፏ በ1968 ታተመ። እንግዲህ ፍጥነት ለድርሰት ምን እንደሚያደርግ እዚህ ላይ ይታያል። የበቅሎ እርምጃ ሰው ሊያቋርጠው የሚችል እርምጃ ነው፤ መንገደኛው ያቆማታል፣ ልጁ ይከተላታል፣ ባለቤቲቱ ጎጆዋ ውስጥ ታሳድራታለች። ስለዚህ ድርሰቱ ውስጥ ግጭት ገባ፤ ድካም፣ ፍርሃት፣ ውለታ ገባ። ይሁን እንጂ ቋንቋውን ስለማትችል ያሳደሯት ሰዎች እጅና ፊት ሆነው ይቀራሉ። ጠላውን ሲቀዱላት እናያለን፤ ምን እያሉ እንደቀዱላት አንሰማም።

የሚናገር አገሬ ለማግኘት ወደራሳችን ሰው መመለስ አለብን። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ «ጦቢያ»ን ባሳተመበት ዓመት፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የተጓዥ መምሪያም አውጥቷል። መምሪያው በንግግር መልክ የተጻፈ ነው። እንግዳው ይጠይቃል፤ አገሬው ይመልሳል፤ ሲመልስም ወታደሩ ባላገሩን እንዴት እንደሚዘርፈው ሳይቀር ይናገራል። የደራሲው የጣልያን ወዳጅነት የታወቀ ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ነገር ግን በቅርጹ የዛሬዎቹን ይበልጣቸዋል። ለአገሬው አፍ ሰጥቶታልና። ከዚያ ወዲህ እንደ ብላቴን ጌታ ኅሩይ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» (1924 ዓ.ም.) ያሉት ጉዞዎች የመንግሥት መልእክተኛ ጉዞዎች ናቸው፤ የአልጋ ሒሳብ አያስጨንቃቸውም።

የእኛ እውነተኛ ባለ ትንሽ ገንዘብ ተጓዥ ግን ከሁሉም የቀደመ ነው፤ የቆሎ ተማሪው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ቅኔ ፍለጋ ከጎጃም ወሎ፣ ከወሎ ጎንደር ይዞራል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ከሼኽ ወደ ሼኽ ኪታቡን ይዞ የሚሄደው ደረሳ ወንድሙ ነው። ሁለቱም የሰው እንጀራ ይበላሉ፤ ግን አይደብቁትም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የቆሎ ተማሪው የጉዞውን ከፋይ በር ላይ ቆሞ በይፋ እየጠራ ነው። ነገሩን አላስጌጠውም፤ ያባረረው አለ፣ የሰደበው አለ፣ ቁራሽ የከለከለው አለ። ነገር ግን የመሸበት ቤት ሲገባ ዋጋ የለውም ብሎ አያስብም። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ» ያነበበ የዚህን ሕይወት ጣዕም ያውቀዋል። እንደ ወሬ የሚፈስ አማርኛ ነው፤ ሰው አለበት።

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ቆቦ ውስጥ ዛሬ «በትንሽ ገንዘብ የሚጓዝ ወጣት» ከተባለ ሁላችንም የምናስበው ሌላ ሰው ነው። ከራያ ቀበሌዎች የሚነሡ እኩዮቻችን በአፋር በረሃ አድርገው ጅቡቲ ኦቦክ ይደርሳሉ፤ በጀልባ ባብኤል መንደብን ተሻግረው የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ጓዛቸው አንድ ፌስታል ነው። ይህም ሞቃት ባሕር አለበት፤ ይህም ፀሐይ አለበት። ክብ ግን አይደለም። ዋጋው መነሻ ላይ ትንሽ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ደላላው ልጁን አግቶ ስልክ ያስደውላል፤ እናት በሬ ትሸጣለች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አስወጣች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን አወጣ። በዚህ መካከል ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ራሷን ቆቦን ደጋግሞ ረገጣት፤ መንገዱንም አስረዘመው።

ይህን ጉዞ ርካሽ የሚለው የለም፤ ሒሳቡን የከፈለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና። ድርሰትነቱን ስናየው ደግሞ ደሴቱ መጽሐፍ ያጣው ሁሉ አለው። መነሻ ላይ ምርጫ አለ፣ መንገድ ላይ ክህደትና ውለታ አለ፣ መመለስም አለመመለስም አለ። ከተመላሾች አፍ ስንሰማው ማን ውሃ እንደሰጣቸው፣ ማን እንደከለከላቸው በስምና በቦታ ይቆጥሩታል። እንዲህ ያለ ተራኪ ባለበት አገር ጉዞው በአብዛኛው ለዜናና ለሙሾ መተዉ ያሳፍራል።

«ታዲያ ሰው ለመዝናናት አይጓዝ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። ይጓዝ እንጂ! እኔም ሞተር ተከራይቼ ደሴት ብዞር አልጠላም። የምጠይቀው ደራሲውን ነው። ዋጋውን ሲጽፍ ያ ዋጋ ለተቀባዩ ስንት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፤ ሰውየው ሲያስተናግደው ምን እንዳለ ይስማ፤ መስማት ካልቻለም የሚሰማ ሰው ይጻፈው። የሚሰማው ደግሞ እኛ ነን፤ ቋንቋው የኛ ነው፣ ሰዎቹም ዘመዶቻችን ናቸው።

ክረምት ስንበተን ከመናኸሪያው አንሥቶ እስከ ደጃፋችን ያለውን ጉዞ ብንጽፈው ይህች መጽሔት ቦታ አታጣም። አንድ ነገር ብቻ፤ ከማሳተማችሁ በፊት አልጋውን ላነጠፈችላችሁ ሴትዮ አንብቡላት። «እኔ የታለሁ?» ካለች ጽሑፉ አላለቀም።