ሰሙን ሳይዙ ወርቅ ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ የገጠመን ነገር አሳስቦኛልና ልናገር። በተሰጠን አጭር ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ ልጁ ከሩቅ አገር ይመለሳል፤ እናቱ ግን በሕይወት የለችም። ግማሾቻችን «ጭብጡ ጸጸት ነው» አልን፤ ሌሎቻችን «የለም፣ ይቅርታ ነው» አልን። ሳንግባባ ሰዓቱ አለቀ። በኋላ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ዓረፍተ ነገሯን ደግመን ስናነብ ነው «ሀድ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ያየናት።

«ልጁ ሲደርስ እናቱ ሞተች» እና «ልጁ ሲደርስ እናቱ ሞታ ነበር» አንድ ናቸው እንዴ? በመጀመሪያው ዓይኗን አይቷል፤ ምናልባትም ይቅርታ ጠይቋል። በሁለተኛው የደረሰው ለቅሶ ላይ ነው። የክርክራችን ቁልፍ እዚያች ቃል ውስጥ ነበር። እኛ ግን «ፓስት ፐርፌክት»ን ለፈተና ሸምድደን፣ ፈተናው ሲያልቅ ጥለነው የመጣን ነን።

«ሰዋስው የሥነ ጽሑፍን ነፍስ ይገድላል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ሕጉ ብቻውን ሲሸመደድስ እውነታቸውን ነው። ግን እስቲ ሼክስፒርን እንመልከት። በ«ሐምሌት» እናትና ልጅ በእልፍኟ ሲፋጠጡ እሷ በ«ዛው» ትጀምራለች፤ እሱ በ«ዩ» ይመልሳል፤ ወዲያው እሷም ወደ «ዩ» ትዞራለች። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ «ዛው» ወደ አንተ፣ «ዩ» ደግሞ ለአንድ ሰው ሲነገር ወደ እርስዎ ይቀርባል። የልጁስ የተለመደ አክብሮት ነው ይባል፤ እናት ልጇን «አንተ» ብላ ጀምራ ድንገት «እርስዎ» ብትለው ግን ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አስረጂ ያስፈልገናል? ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንዲህ ያለውን ሁሉ መመዘን ነበረበት። እኛ አንባቢዎቹስ?

የጎጃም ቅኔ ቤቶች ይህን ጥንትም ያውቁታል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ የሚማር ተማሪ ግሡንና አገባቡን አብሮ ይማራል። ግሡን ያልለየ ሰሙን አያገኝም፤ ሰሙን ያላገኘ ወርቁን ከየት ያመጣል? እኛ ግን ሰዋስውን ጠዋት፣ ሥነ ጽሑፍን ከሰዓት በኋላ እንማርና ሁለቱን ሳናስተዋውቃቸው እንመረቃለን።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ «ጭብጡ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት «ማን አደረገው? መቼ? ለማን ተነገረ?» እንበል። ይህን የሚነግሩን ግሡና ተውላጠ ስሙ ናቸው። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በደስታ እንከራከራለን።