አንድ መስኮት፣ ሰባት ቁልፍ

አገር ቤት ቢሮክራሲ ሲታማ ቀድማ የምትነሳው «ነገ ተመለስ» የምትለዋ ቃል ናት። ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ፋይልህ ከላይ አልወረደም… ብቻ ነገ ተመለስ። አሜሪካ ስትመጡ ይቺን ቃል የሚላችሁ ሰው አታገኙም። ሰውየውም የለም፣ መስኮቱም የለም። ያለው ስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፎበታል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። «ነገ ተመለስ» በፈረንጅ ትሕትና ሲነገር እንዲህ ነው።

የማወራው ስለ ምርምር ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ተቋማት ያከፋፍላል። ግራንት ይሉታል። የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ዛሬ ፋርማሲ ገብተን ከምንገዛው መድኃኒት ስንቱ መነሻው እዚያ ገንዘብ ላይ ነው። ገንዘቡን የፈለገ ተመራማሪ ታዲያ ያመለክታል፤ ማመልከቻው የሚገባውም በኢንተርኔት ነው። እኔ በአንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች ማመልከቻቸውን እንዲያስገቡ መርዳት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ጉዱን ከውስጥ አየዋለሁ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ አብረን እንሂድ። ስለ አንድ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ጥሩ ጥያቄ ያላት ባዮሎጂስት አለች እንበል። ከሁሉ በፊት ዩኒቨርሲቲዋ «ሳም» በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ የቀረው በር ሁሉ አይከፈትም። ገንዘቡን የምትጠይቀው ከብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ከሆነ ማመልከቻው በ«ግራንትስ ዶት ገቭ» በኩል ያልፍና «ኢ-አር-ኤ ኮመንስ» ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም ጋ ምዝገባ ያስፈልጋል። ከብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ከሆነ «ሪሰርች ዶት ገቭ»። ናሳ «ኤንስፓየርስ» የሚባል የራሱ አለው። የኢነርጂ ሚኒስቴር «ፓምስ» አለው፤ የመጀመሪያውን አጭር ደብዳቤ እዚያ አስገብታችሁ ሙሉውን ማመልከቻ በግራንትስ ዶት ገቭ የምታስገቡበት ጊዜ ብዙ ነው። የመከላከያው የሕክምና ምርምር ደግሞ «ኢ-ብራፕ» አለው። ሰባት ሆኑ አይደል? መግቢያውን ለማቅለል ተብሎ የተጨመረውን «ሎግኢን ዶት ገቭ»ን አልቆጠርኩም። እሱን ብቆጥር ስምንተኛ ነው።

ቁልፍ ማብዛቱስ ይሁን፤ አንድ ጊዜ ይዘጋጃል፣ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። የባሰው፣ ከበሩ ወዲያ ያለው ቤት ሥርዓቱ ሁሉ የተለያየ መሆኑ ነው። በጤናው ቤት የተለመደው ትልቁ ግራንት፣ የምርምሩ ዕቅድ 12 ገጽ ነው፤ በሳይንስ ፋውንዴሽኑ 15 ገጽ። በጤናው ቤት የወረቀቱ ኅዳግ ግማሽ ኢንች ይበቃል፤ በሳይንሱ አንድ ሙሉ ኢንች። አንዱ ማጠቃለያውን በ30 መስመር ይለዋል፤ ሌላው በአንድ ገጽ፣ ያውም በሦስት ንዑስ ርዕስ ተከፍሎ። አንዲት ሴት ናት፣ አንድ ጥያቄ ነው፣ አንድ የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ ነው ያላት። እሱንም በየቤቱ መልክ እየለወጠች ስትጽፍ ትከርማለች።

ከዚያ የመጨረሻዋ ቀን ትመጣለች። ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ በአመልካቹ አገር አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ማመልከቻውን ትልካላችሁ፤ ግራንትስ ዶት ገቭ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቁጥር ይሰጣችኋል። እልል እንዳትሉ! ይህ ማለት ፖስታው ሳጥን ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። ቀጥሎ ኢ-አር-ኤ ኮመንስ ፖስታውን ከፍቶ በራሱ ሕግ ይፈትሸዋል። «ማስጠንቀቂያ» ካለ ያልፋል፤ «ስሕተት» ካለ አርማችሁ እንደገና ከመጀመሪያው በር ትልካላችሁ። ድሮ ከቀነ ገደቡ በኋላም እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት ማረሚያ ሁለት ቀን ይሰጥ ነበር፤ ከጥር 2011 ወዲህ ግን ቀርቷል። ስለዚህ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አንደኛው በር «ተቀብያለሁ» ያላችሁን፣ ሁለተኛው በር 11 ሰዓት ከሩብ ላይ «አልቀበልም» ሊላችሁ ይችላል። በዚህ መካከል የፕሮፌሰሮችን ፊት ማየት ነው! አምስት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የኖረ ሰው ፋይል ስም ውስጥ ስላለች አንዲት ምልክት ሲጨነቅ።

ይህ ሁሉ የመጣው ለማቅለል ታስቦ መሆኑ ነው የሚገርመው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1999 አንድ ሕግ አወጣ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የግራንት አሠራራቸውን እንዲያቀራርቡ፣ ማመልከቻውም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ በጋራ እንዲገባ የሚል። እኛ አገር በኋላ «የአንድ መስኮት አገልግሎት» ያልነው መሆኑ ነው። በ2003 ግራንትስ ዶት ገቭ ተከፈተ፤ 26 መሥሪያ ቤቶችን እንዲያገለግል። የመጀመሪያዎቹ ቅጾች የተሠሩበት ፕሮግራም «ፒዩርኤጅ» ይባል ነበር፤ የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ሳይንቲስቱ ደግሞ ማኪንቶሽ ይወዳል! ማመልከቻ ለመሙላት ኮምፒዩተር ሲዋስ ከረመ። ያ ቅጽ ተጣለና በሌላ ተተካ፤ የተተካውም በ2017 መጨረሻ ተሰናብቶ ሌላ መጣ። በ2009 ኢኮኖሚውን ለማነቃቃት ብዙ ገንዘብ ሲለቀቅ የአመልካቹ ብዛት መስኮቱን አጨናነቀውና፣ የዋይት ሀውስ የበጀት ቢሮ መሥሪያ ቤቶች በሌላ መንገድ ማመልከቻ መቀበል እንዲችሉ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የምክር ቤቱ የኦዲት መሥሪያ ቤትም አሠራሩ ሥር የሰደደ ድክመት እንዳለበት ጻፈ።

የሳይንስ ፋውንዴሽኑ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ «ፋስትሌን» የሚባል የራሱ ነበረው። ፈጣን መንገድ ማለት ነው፤ በጊዜውም እውነት ፈጣን ነበር። ከዚያ ሪሰርች ዶት ገቭ መጣ። አሮጌው ይዘጋል ተባለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከአሥር ዓመት በላይ ሲሄዱ ኖረው ፋስትሌን ጨርሶ የተዘጋው በ2023 ነው። በእነዚያ ዓመታት አንዱን ሰነድ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያስገባ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ለምን አንድ አይሆኑም? ሞኝነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ አይደለም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ ሕግ፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ የግምገማ ሥርዓት አለው። ገምጋሚ የሚመደብበት፣ ነጥብ የሚሰጥበት፣ ገንዘብ የሚለቀቅበት ማሽን ከጓዳ ነው ያለው። ግራንትስ ዶት ገቭ የሠራው ሳሎኑን ነው። ጓዳውን እንዲነካ ሥልጣን አልተሰጠውም። ስለዚህ ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸውን ሳይተዉ፣ ከሁሉም ፊት አንድ ተጨማሪ በር ተተከለ። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር የሚደመር እንጂ የሚቀነስ ነገር የለም። የ1999ኙ ሕግ ጊዜው አልቆ በ2007 ቀረ። በ2019 መጨረሻ ደግሞ የግራንት ሪፖርት ቅጾችና መረጃዎች ወጥ እንዲሆኑ የሚል ሌላ ሕግ ተፈረመ። ሃያ ዓመት ተቆጥሮ ያው ልመና መሆኑን ልብ በሉ።

«ድሮ የባሰ ነበር» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። አልክድም። ለጤናው ቤት ዋናውን ከአምስት ቅጂ ጋር አባዝቶ፣ ካርቶን ውስጥ አሽጎ፣ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ መሮጥ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ነውና ቁጥጥርም ያስፈልጋል፤ የሌለ ድርጅት ስም ይዞ የሚመጣ አጭበርባሪ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ቁጥጥር ማለት አንዱን ጥያቄ ሰባት ቦታ መጠየቅ ነው ያለው ማነው? ወረቀቱን ለማድረስ አንድ ሯጭ ይበቃ ነበር። ዛሬ ቢሮ ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚከረው እዚች ላይ ነው። ቢሮ ያለውና የሌለው እኩል አይወዳደሩም። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ብቻ የተቀጠሩ በርካታ ሠራተኞች አሉት፤ ከመንግሥት ማሽን ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ሶፍትዌርም ገዝቷል። ላለው ይጨመርለታል። ትንሹ ኮሌጅ ውስጥ ግን አስተማሪዋ ራሷ ናት ጸሐፊዋም፣ ሒሳብ ሹሟም፣ ፓስወርድ ጠባቂዋም። የፌዴራል ግራንት ያላቸውን ተመራማሪዎች በየጊዜው የሚጠይቅ አንድ ጥናት አለ፤ በ2005ም በ2012ም ለምርምር ከተመደበው ጊዜያቸው 42 በመቶው በአስተዳደር ሥራ እንደሚያልቅ ተናገሩ። በ2018 ሲጠየቁ 44 በመቶ አለፈ። እርግጥ ይህ ሁሉ የድረ ገጽ ጣጣ አይደለም፤ ሪፖርቱም፣ ፈቃዱም፣ ሒሳቡም አለበት። ቢሆንም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የተሸጋገርንባቸው ዓመታት ናቸው እኮ። መቀነስ አልነበረበትም?

ወደ እኛም ልምጣ፤ ነገሩ አዲስ አበባም ጎንደርም ይደርሳል። የአሜሪካን የምርምር ገንዘብ የውጭ ተቋማትም ይወዳደሩበታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ለሕክምና ትምህርት በቀጥታ ካገኙት የአፍሪካ ተቋማት አንዱ ነበር። እንዲህ በቀጥታ የሚያመለክት የውጭ ተቋም ሳም ውስጥ ለመመዝገብ ለዓመታት መጀመሪያ ከኔቶ የኮድ ቁጥር ማውጣት ነበረበት። አዎ፣ ከጦር ቃል ኪዳኑ ከኔቶ! ወባ ለማጥናት። ከዚያ አንድ የግል ኩባንያ የሚሰጠው ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ነበር፤ እሱም ሚያዝያ 2022 ላይ ቀርቶ መንግሥት በሚሰጠው ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ተተካ። ለውጡ በመጣ ሰሞን የተቋማትን ስምና አድራሻ ማረጋገጡ ወረፋ ሆነና፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ሳምንታት ጠበቁ።

አድራሻ ካነሳን አይቀር፣ የእኛን አድራሻ አስቡት። ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ከጤና ጣቢያው ወረድ ብሎ። የታመነው አድራሻችን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ፖስታ ሣጥንን እንደ ቦታ አድራሻ አይቀበልም። ስማችንም ያው ነው። የአባትን ስም «የቤተሰብ ስም» እያደረግን፣ ፓስፖርት ላይ አያት እየተጨመረ፣ አንዱ መጽሔት ላይ በአንድ «ኤስ» ሌላው ላይ በሁለት «ኤስ» እየተጻፈ፣ አንድ ሐበሻ ተመራማሪ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ደግሞ እርዳታ ክፍሉን መጠየቅ ነው። ክፍሉ ዋሽንግተን አካባቢ ጠዋት ሲከፈት አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ማመልከቻው በአዲስ አበባ ሰዓት 11 ላይ ሲዘጋ፣ የመጨረሻዋ ቀን የቀረችው ለጥቂት ሰዓት ናት።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን የሚያልፉበት መላ ነበራቸው፤ አሜሪካ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው በእሱ ግራንት ሥር ንዑስ ድርሻ መያዝ። ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አገራቸውን የረዱት በዚህ መንገድ ነው። በግንቦት 2025 የጤና ኢንስቲትዩቶቹ ይህን አሠራር እንደሚያቆሙና፣ የውጭው ተቋም ድርሻ ከዋናው ጋር የተያያዘ ግን ለብቻው የቆመ ግራንት እንደሚሆን አስታወቁ። ገንዘቡ የት እንደገባ ለመከታተል ነው ተባለ። ምክንያቱ ምክንያት ነው። ውጤቱ ግን ጎንደርም ጅማም ያለው ተቋም በራሱ ስም፣ በራሱ ቁልፍ፣ በራሱ ሠራተኛ በሩን ያንኳኳ ማለት ነው። የቁልፍ ያዥ ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ አልተነገረም።

ሶፍትዌር ሳይገዛ ነገ ጠዋት ሊሠራ የሚችል ነገር ደግሞ ሞልቷል። ኅዳግን አንድ ለማድረግ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ አንድ መመሪያ ይበቃል። የትምህርትና የሥራ ልምድ ቅጹን አንድ ለማድረግ ተጀምሯል፤ የሳይንስ ፋውንዴሽኑ በ2024 የጋራውን ቅጽ ግዴታ አደረገ፣ የጤናዎቹም እንደሚከተሉ አስታወቁ። ይቻላል ማለት ነው። የገጹንም ቁጥር እንዲሁ አንድ ያድርጉልን። አንዱ ቤት የወደቀን ጥሩ ሐሳብ ለሌላው ቤት ማሰናዳት የእኔ ሥራ ነው፤ 15 ገጽ 12 እንዲሆን ሦስት ገጽ የሚያህል ነገር መውጣት አለበት። ዘዴው አይወጣም፣ ገምጋሚ ይጠይቃል። በጀቱ አይወጣም። ባለፈው ጊዜ ከአንድ የአፈር ጥናት ላይ ስንቆርጥ ስንቆርጥ መጨረሻ የወጣው፣ ውጤቱ ለገበሬዎቹ በምን መንገድ እንደሚመለስ የሚያስረዳው ክፍል ነበር።