የአምሳያ በሽተኛ ልምምድና የከፍተኛ ነርሶች ሥልጠና

የአሜሪካ የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት በነርስነት ትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ዘንድ አዘውትሮ ይጠቀሳል። ጥናቱ በ10 ትምህርት ቤቶች የተካሄደ ሲሆን፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁትን 666 ተማሪዎች በሦስት ምድብ ከፍሎ አነጻጽሯል። ከሆስፒታል ልምምዱ ሰዓት የመጀመሪያው ምድብ እስከ 10፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 50 በመቶ ያህሉን በአምሳያ በሽተኛ እንዲለማመድ ተደርጎ፣ በዕውቀትም ሆነ በሥራ ችሎታ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። አምሳያ በሽተኛ ሲባል ትንፋሽና የልብ ምት የሚያሳይ አሻንጉሊት፣ ወይም ሕመምን አስመስሎ እንዲያቀርብ የሠለጠነ ሰው ማለት ነው።

ጥናቱ ተማሪዎቹን ሥራ ከያዙ በኋላም ስድስት ወር መከታተሉ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ የተካሄደው ለመጀመሪያ የሙያ ፈቃድ በሚዘጋጁ ተማሪዎች ላይ ስለሆነ፣ ውጤቱን መርምረው በሽታውን ለሚለዩና መድኃኒት ለሚያዙ ከፍተኛ ነርሶች እንዳለ ማዋል አያስኬድም።

የአምሳያው በሽታ አስቀድሞ በመምህሩ የተጻፈ ነው፤ ተማሪውም የሚፈለግ መልስ መኖሩን ያውቃል። እውነተኛው በሽተኛ ግን ራሴን አመመኝ ብሎ መጥቶ ጭንቀቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱን አቋርጦ ሳለ እወስዳለሁ ይላል፤ የተሰጠው ሕክምና መሥራት አለመሥራቱም የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ነው። ከፍተኛ ነርስ ከሁሉ በላይ ሊማረው የሚገባው ይህን ነው። በሌላ በኩል፣ ከወሊድ በኋላ እንደሚከሰት ብርቱ የደም መፍሰስ ያለው አደጋ በበሽተኛ ሕይወት የሚለማመዱት ስላልሆነ፣ አምሳያው እጅግ ይጠቅማል። በዚያው አገር የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት ጥራት ብሔራዊ ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2022 ከበሽተኛ ጋር በቀጥታ የሚሠራበትን አነስተኛ ሰዓት ከ500 ወደ 750 ከፍ ሲያደርግ፣ የአምሳያ ልምምድ በዚህ ሰዓት ውስጥ እንዳይቆጠር መወሰኑ ተገቢ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የጥናቱ ውጤት የተገኘበት ሁኔታ ነው። መምህራኑ ለዚሁ የሠለጠኑ ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላም ተማሪው ለምን እንዲህ እንዳደረገ የሚጠየቅበት ውይይት ነበረ። አሻንጉሊቱን ገዝቶ የውይይቱን ሰዓትና የመምህሩን ሥልጠና በበጀት ያልያዘ ዕቅድ፣ ጥናቱን ምስክር አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

ነገሩ ለመምህራን ማሠልጠኛዎችም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ማይክሮ ቲቺንግ ዕጩ መምህሩ ጥያቄ አጠያየቅንና ትምህርት አጀማመርን በጥቂት ተማሪዎች ፊት እንዲለማመድ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ሙሉ ክፍል ይዞ ወራትን መዝለቅን አይተካም። ስለዚህ የልምምድ ሰዓት እንዲቀነስ ሐሳብ ሲቀርብ፣ የሚተካው የትኛው ችሎታ እንደሆነና ከልምምዱ በኋላ ከተማሪው ጋር የሚወያየው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊገለጽ ይገባል።