ቢላ ለሚያስይዙ እናቶች

መስከረም ሲጠባ በቡታጅራና በመላው መስቃን ማጀቱ በመክተፊያ ድምፅ ይሞላል። ለመስቀል ክትፎው ይከተፋል፤ ቆጮውም ቃጫው እንዲደቅ በቢላ ይከተከታል። እኔ የማደንቀው ግን ልጇን ቢላ የምታስይዘውን እናት ነው።

ብልህ እናት በሥጋ አታስጀምርም፤ ለጎመን ክትፎ በሚሆነው ጎመን እንጂ። ታጥቦ የጠነፈፈውን ቅጠል አጥብቃ ትጠቀልልና «የኔ ልጅ፣ የጣቶችሽን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፊ፤ ዓይንሽ ከስለቱ አይነሳ» ትላታለች። ቢላው ከዶለዶመ አስቀድማ ትስለዋለች፤ ደነዝ ቢላ ጉልበት ስለሚጠይቅ አዳልጦ ጣት ይቆርጣልና። ሲቀባበሉም እጀታው ወደ ተቀባዩ ይዞራል።

ልጅን ቢላ መከልከል ቀላል ነው፤ አጠገቡ ቆሞ ማስተማር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ሴት ልጅም ሆነ ወንድ፣ እንዲህ የተማረ ልጅ ለበዓሉ ገበታ የራሱን ድርሻ ያዋጣል። እነዚህ እናቶች ምስጋና ይገባቸዋል።